ፊቱ ከምን ይሠራ? ስለ ከፊል ባዶ ጊታርና ስለ ዋንዛ
(በእንጅባራ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በአዊ ምድር አንድ ወጣት አናጢ ጊታር ልሥራ ብሎ ቢነሣ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በአንድ ያረጀ ዋንዛ ላይ ነው። የዛፉ መቆረጥ በድምፁ ይካሳልን? የዛሬው ንግግሬ በዚሁ ላይ ነው።

የክራር ፊቱ ቁርበት ነው። አውታሩ ብርኩማውን፣ ብርኩማው ቁርበቱን፣ ቁርበቱም አየሩን ያንቀሳቅሳል። ክረምት ገብቶ ቁርበቱ ሲላላ ባለ ክራሩ እሳት ዳር የሚያሞቀው ስለዚህ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለው ጊታር ይኸንኑ ሥራ የሚሠራው ስስ ሳንቃ ስለሆነ፣ እንጨቱ ቀላልም ግትርም መሆን አለበት፤ ስፕሩስ የተመረጠውም ለዚህ ነው።

ከፊል ባዶው ጊታር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1958 እ.ኤ.አ. ኢ.ኤስ. 335 የተባለውን ሲያወጣ በሣጥኑ መካከል በቁመቱ ድፍን እንጨት አጋደመበት። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ጊታር ከድምፅ ማጉያው የሚመጣውን ንዝረት መልሶ እየተቀበለ ያፏጫልና። ፊቱም ያማረ ነጠላ ሳንቃ ሳይሆን የሜፕልና የፖፕላር ንብርብር፣ በእኛ አነጋገር ኮምፔንሳቶ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል! ብርኩማው ያረፈው በድፍኑ እንጨት ላይ ስለሆነ ፊቱ እንደ ልቡ አይርገበገብም። ማግኔቱም የሚከታተለው የብረቱን አውታር እንጂ አየሩን አይደለም። ለፊቱ እንጨት የሚቀረው ድርሻ ከአውታሩ ጉልበት መውሰድ፣ አንዱን ድምፅ ቶሎ ማብረድ፣ ሌላውን መተው ነው።

ይህም ቢሆን በዛፉ ዓይነት ብቻ አይወሰንም። የሳንቃን ውፍረት ከመቶ 10 እጅ ብንጨምር ግትርነቱ ከመቶ 33 እጅ ያህል ያድጋል። እንግዲህ የመላጊያው ጥንቃቄ ከዛፉ ስም ይበልጣል እላለሁ።

የጊታሩ ወርድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከሁለት እኩሌታ ተጋጥሞ ቢሠራ እንኳ፣ ከልብ ወደ ቅርፊት የተሰነጠቀ የ20 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ፣ ማለትም ወደ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ግንድ ይጠይቃል። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዲከረንስ ገና ቀጭን ሳለ ስለሚቆረጥ ይህን አይሰጥም። ዋንዛ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንዲያ ያለው ዋንዛ በአባቶቻችን ዘመን የበቀለ ነው። ደግሞም እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ስለሆነ፣ በእንጅባራ ክረምት የተሠራ ነጠላ ሳንቃ ወደ ጃዊ ቆላ ቢወርድ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክሩ ተሻግሮ የተነባበረው ግን እርስ በርሱ ይያያዛል።

ስለዚህ የዳንግላው አናጢ ቢጠይቀኝ፣ የቆመውን ዋንዛ ተወው እለዋለሁ። ከዕቃ ሥራ ከተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ስስ ልባጥ ለውጭው ፊት ያውጣ፤ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ያድርግ፤ መካከለኛውንም ድፍን በሚገባ ከደረቀ ቁራጭ ይሥራ። በኮላ ከማጣበቁ በፊት ውፍረቱን በየቦታው ለክቶ ይመዝግብ፤ ሁለተኛውን ጊታር ሲሠራ ከመጀመሪያው የሚለውጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን።