የወለጋ ከተሞች፦ ቤተ መንግሥት፣ ገበያና መንገድ



የወለጋ ታሪክ ሲነሣ የነቀምቴ ስም ይቀድማል፤ ይገባታልም። የዛሬው ንግግሬ ግን ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢ ዶሎና ወደ ሻምቡ ይዘልቃል። የአገር ታሪክ በዋና ከተማው ብቻ ከተጻፈ ጎደሎ ነውና።

አስቀድመን መልክዓ ምድሩን እንመልከት። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ጊምቢ የሚጓዝ ሰው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን እንደገና ይወጣል። ቆላው ሙቀትና ወባ የበረታበት በመሆኑ የወለጋ ዋና ዋና ከተሞች የተቆረቆሩት በከፍታው ላይ ነው።

ነቀምቴን ለከተማነት ያበቃት የሌቃ ኦሮሞ መሪዎች መቀመጫ መሆኗ ነው። በከሬ ጎዳና የመሠረቱትን ግዛት ልጃቸው ሞሮዳ አጸኑት። ሞሮዳ በሸዋና በጎጃም መካከል የእምባቦ ጦርነት በተካሄደበት በ1874 ዓ.ም. ገደማ ከምኒልክ የጦር መሪ ከጎበና ዳጨ ጋር ተስማምተው ለምኒልክ ስለ ገበሩ፣ ሌቃ ነቀምቴ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። የልጃቸው የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት አናሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋር በዚህችው ከተማ አስተምረዋል።

የሌሎቹ ከተሞች ዕድል ግን በሌላ መንገድ ተቃና። የሌቃ ቄለሙ መሪ የጆቴ ቱሉ አገር ደምቢ ዶሎ ፊቷ ወደ ምዕራብ ነበር፤ ቡናዋ በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ነጆ በወርቅ፣ ዩብዶ በፕላቲነም ታወቁ። ሻምቡ የሆሮ ጉዱሩ ማዕከል ሆነች። ከነቀምቴ አጠገብ ያለችው ቦነያ ደግሞ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳ አርበኞች የጣሊያንን አውሮፕላኖች ያቃጠሉባት ቦታ ናት። የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ሲዘረጋ ንግዱ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ መንገዱ ያገኛቸው ገበያዎች ሲደሩ የራቃቸው ቀዘቀዙ።

ታዲያ ይህን ታሪክ የምናውቀው ከምን ነው? የነቀምቴ ቤተ መንግሥት ደብዳቤዎቹንና መዝገቦቹን ስላቆየ፣ የታሪክ ተመራማሪዎቹ ተሰማ ተዓና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ሰነዶቹን አሰባስበው በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለኅትመት አብቅተዋቸዋል። የነቀምቴን ታሪክ በማስረጃ ልንናገር የቻልነው ስለዚህ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞች ግን እንዲህ ያለ የቤተ መንግሥት መዝገብ አልነበራቸውም። ታሪካቸው ያለው በሽማግሌዎች አንደበት፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በቀድሞ ትምህርት ቤቶች መዝገብ፣ በነጋዴ ቤተሰቦች ሣጥን ውስጥ ነው። ባለፉት ዓመታት ግጭትና መፈናቀል ብዙ ቤተሰብ በትኗል፤ ከሰው ጋር ሰነዱም ትዝታውም አብሮ ይበተናል።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ተማሪዎቻችሁን በየወረዳው አሰማሩ፤ ገበያው መቼ ተተከለ፣ መንገዱ በየት አለፈ፣ ማን ከየት መጥቶ ሰፈረ ብለው ይጠይቁ። በኦሮምኛ የተነገረው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የተጻፈው በአማርኛ ይመዝገብ። እናንተም አባቶችና እናቶች፣ በእጃችሁ ያለውን አሮጌ ወረቀትና ፎቶግራፍ አትጣሉ፤ የምታውቁትንም ለልጆቻችሁ ንገሩ። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ካልጻፍነው፣ በኋላ የሚጽፈው አይኖርም።