ቤድፎርድ ፓርክ፦ ሰፈርም ቅርስ ነው

ቅርስ ሲባል ቤተ መንግሥትና ሐውልት ቀድሞ ይታወሰናል። ሰው ወጥቶ የሚገባበት የመኖሪያ መንገድስ?

በምዕራብ ለንደን ቤድፎርድ ፓርክ የሚባል ሰፈር አለ። ጆናታን ካር እ.ኤ.አ. በ1875 ሲያስጀምረው፣ ነባሮቹ ዛፎች እንዲተርፉ ተደርጎ መንገዶቹ ተቀየሱ። ከቀይ ጡብ ቤቶቹ ብዙዎቹን የነደፈው ዝነኛው አርክቴክት ኖርማን ሾው ነው። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስም ኖሮበታል።

በኋላ ግን ማፍረስ መጣ። በ1963 ለሰፈሩ የሚቆረቆሩ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1967 መንግሥት 356 ቤቶችን በቅርስነት መዘገበ። የቪክቶሪያ ዘመን ግንባታ በሚናቅበት በዚያ ወቅት ይህ ታላቅ ድል ነበር።

እኔን የሚያስደንቀኝ የጥበቃው ስፋት ነው፤ አጥሩ፣ ዛፉና የጣሪያው ቅርጽ አብረው ካልቆዩ መንገዱ መልኩን ያጣል። ዛሬም የተመዘገበ ቤት ባለቤት የቤቱን ታሪካዊ ገጽታ ለመለወጥ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት።