ከዋሽንት እስከ ኦርኬስትራ፦ የዶክተር አሸናፊ ከበደ ሕይወትና ሥራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ ሐዋሳ ፒያሳ የተደረገ ንግግር)




ስለ አንድ ባለሙያ ሕይወት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ድልድይ ወይም ግድብ የሠራ ሰው እንደምመርጥ ጠብቀው ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ የነበሩትን ዶክተር አሸናፊ ከበደን ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ፒያሳ ከባልደረቦቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ስማቸውን አንሥቼ ነበር፤ ከአምስታችን መካከል ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው አልተገኘም። እኔም ብሆን ያወቅኋቸው በቅርቡ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በአገራችን የዘመናዊው ሙዚቃ አመራር ለብዙ ጊዜ በአብዛኛው በውጭ ተወላጆች እጅ ነበር። በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ወጣቶች ያሠለጠኑት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከእርሳቸውም በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቴአትር ቤት ብዙ ደክመዋል። አሸናፊ የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ሄደው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ተመርቀው ሲመለሱም፣ ዛሬ ያሬድ ተብሎ የሚጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በማቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ።

በ1967 ዓ.ም. ወደ ቡዳፔስት ተጉዘው «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰታቸውን የሃንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ በመምራት አሰሙ። ቦታው ያለ ነገር አልነበረም። ባርቶክና ኮዳይ የገበሬውን ዜማ ከሃንጋሪና ከሩማንያ መንደሮች እየሰበሰቡ ወደ ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ያስገቡት በዚያ አገር ነው። አሸናፊም የእኛን እረኛ ይዘው የገቡት በዚያው በር ነበር።

እዚህ ላይ እንደ መሐንዲስ የሚያሳስበኝ ጥያቄ አለ። ፒያኖ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ርቀቶች ይከፍለዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆችን ብቻ ይመርጣሉ። ዋሽንት ሠሪውም አራቱን ቀዳዳዎች የሚበሳው በጣቱና በጆሮው ልክ ስለሆነ፣ ርቀቶቹ ከፒያኖው ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም። እንግዲህ የውጭውን መለኪያ እንዳለ የተቀበለ ሰው የአገሩን ድምፅ ያጣል፤ መለኪያውን ፈጽሞ የናቀ ደግሞ ከሌላው ጋር አብሮ ሊሠራ አይችልም። እኛም ከውጭ የመጣ የግንባታ ደንብ በእጃችን፣ የስምጥ ሸለቆው አፈር ከእግራችን በታች ሆኖ ይህንኑ ጥያቄ በየቀኑ እንጋፈጣለን። አሸናፊ ሁለቱንም ወገን ማጥናትን መረጡ። በ1971 ዓ.ም. በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ነበር። ስለ ክራርም ጽፈዋል፤ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ መሠረት መጽሐፍ አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የቀረውን ዘመናቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በባዕድ አገር ነው። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1998 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፉ።

የሄደውን መውቀስ ቀላል ነው። ከመካከላችንም ሻንጣውን ያዘጋጀ አይጠፋም፤ እኔም ራሴ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ያሰብሁበት ጊዜ አለ። በአሸናፊ ሕይወት ግን አንድ ነገር እንመለከታለን። በዲሬክተርነት ያገለገሉት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቱ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆሞ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ያስተምራል። ተቋሙ ከሰውየው መሄድ በኋላ ኖሯል። ድርሰታቸው ግን የሚጫወተውና የሚያደምጠው ካላገኘ፣ በመሳቢያ ውስጥ እንደ ተቀመጠ የሕንፃ ፕላን ይሆናል።

ስለሆነም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን የሠራነውን ሥራ ፕላንና አጭር ታሪክ በአማርኛ ጽፈን በማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት እናኑር፤ የምንሄድ ብንሆን ከመሄዳችን በፊት፣ የምንቀርም ብንሆን ሳንዘገይ። ለሚመጣው ዓመት ስብሰባችን ደግሞ የ«እረኛው ባለዋሽንት»ን ቅጂ ፈልገን፣ እዚሁ አዳራሽ በጋራ እናድምጥ።