የቆመ መኪና ጉዞ



ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። አንድ የጭነት መኪና በዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቢያድር፣ ሾፌሩም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቢተኛ፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ባለው የስምሪት ክፍል ካርታ ላይ መኪናው ሌሊቱን ሲንከራተት እንዳደረ የሚያሳይ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ መስመር ሊገኝ ይችላል። የጂ.ፒ.ኤስ. መከታተያው በየ30 ሰከንዱ ቢመዘግብና አንዱ ነጥብ ከቀጣዩ በአማካይ 3 ሜትር ቢርቅ፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 2,880 ሜትር ይደመራል። ይህ ሒሳብ ከነዳጅ መዝገብ ጋር ሲተያይ የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ግን ከሰማይ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። መቀበያው ሥፍራውን የሚያውቀው ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የተላከው ምልክት በመንገድ የፈጀውን ጊዜ በማስላት ነው፤ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት የ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያዛባል። ምልክቱ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው አየር ሲያልፍ ይዘገያል። ሮቢት ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ በተለይም በመጋቢትና በመስከረም ገደማ፣ ይህ አየር ይታወካል። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከግንብ ነጥሮ የሚደርሰው ምልክትም ሌላ ጣጣ ነው። መኪናው ሲጓዝ ይህ ሁሉ በጉዞው ውስጥ ይሰወራል፤ ሲቆም ይገለጣል። አሜሪካኖች ሆን ብለው ያደርጉት የነበረውን ማዛባት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ካነሡ ወዲህ ስሕተቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም።

ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ያለውን ሁሉ እንደ ቆመ መቁጠር ነው። ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ወሰኑ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ከአላማጣ በላይ ያለውን የግራካሱን አቀበት ከነጭነቱ እያዘገመ የሚወጣ መኪና የለፋበት መንገድ አብሮ ሊሰረዝ ነው። ይህስ ሌላ በደል አይደለምን?

የሚሻለው መሣሪያውን ከመኪናው የቁልፍ መስመር ጋር ማያያዝ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የመጨረሻው አስተማማኝ ሥፍራ ይያዛል፤ ሬዲዮውም በየ30 ሰከንዱ መለፍለፉን ትቶ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ መኖሩን ያስታውቃል፤ ባትሪም ይቆጠባል። መኪናው ተጎትቶ ቢወሰድ ግን ቁልፉ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ንቅናቄን የሚለይ አነስተኛ መሣሪያ ሊጨመር ይገባል፤ እርሱ ሲነቃና ሥፍራውም ከተያዘው ከ100 ሜትር በላይ ሲርቅ ማስጠንቀቂያ ይላክ።

ይህ እስኪሟላ ድረስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አለ። ሾፌሩ ሮቢት ሲያድርና ሲነሣ ሁለቱን ቁጥሮች በጉዞ ወረቀቱ ላይ ቢያሰፍር፣ የስምሪት ኃላፊው ከካርታው መስመር በፊት እነርሱን ማየት ይችላል።