አስታራቂዎቹ ሕዋሳትና የሆድ ትላትል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ፣ በልደታ አብነት የተደረገ ንግግር)



ከዚህ አዳራሽ ወጥተን በአብነት ዙሪያ ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ ብንገባ፣ ከሰገራ ምርመራ ውጤቶች መካከል «የወስፌ እንቁላል ታይቷል» የሚል አናጣም። መድኃኒቱ ይታዘዛል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። እኔም ለብዙ ዘመን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ወስፌ በሰው አንጀት ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ፣ የመንጠቆ ትልም ለዓመታት ሲኖር፣ የሰውነት መከላከያ እንዴት ይታገሠዋል?

መልሱ በከፊል የሚገኘው ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ከተባሉት ሕዋሳት ዘንድ ነው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይቶ አሳያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2025ም ከሜሪ ብሩንኮና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ተግባራቸው የአስታራቂ ሽማግሌ ተግባር ነው። ኢንተርሉኪን 10ንና ቲጂኤፍ ቤታን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች እያመነጩ የተቆጡትን ሕዋሳት ያበርዳሉ፤ እነርሱ ባይኖሩ መከላከያችን በገዛ አካላችን ላይ በተነሣ ነበር። ትሉ በዚህ እርቅ ተጠልሎ ይኖራል። ባለቤቱም ቢሆን አንጀቱ ከከባድ ብግነት ይተርፍለታልና ፈጽሞ ተጎጂ ነው አይባልም።

ችግሩ እርቁ በትሉ ላይ ብቻ ተወስኖ አለመቅረቱ ነው። ዳንኤል ኤልያስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ትላትል የነበረባቸው ኢትዮጵያውያን አልቤንዳዞል ወስደው ቢሲጂ ሲከተቡ፣ የቲ ሴሎቻቸው ምላሽ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ በርትቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የክትባቱ መድከም ከቲጂኤፍ ቤታ መብዛት ጋር መያያዙን አሳዩ።

በጎንደር ኤባ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ለእኛ ለላቦራቶሪ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ከያዛቸው ሕመምተኞች መካከል ምልክት የማያሳይ ትላትል ያለባቸው፣ ተቆጣጣሪ ሕዋሳታቸው በዝተው፣ በአክታቸው ግን ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ የታየባቸው ያነሱ ነበሩ። ይህን ሳነብ ስንቱን አክታ «የለበትም» ብዬ እንደፈረምሁ አሰብሁ።

ይሁንና ነገሩን አናጋንን። እዚያው ጎንደር 140 ሕመምተኞች አልቤንዳዞል ወይም ባዶ ክኒን እንዲወስዱ ተደርጎ፣ መድኃኒቱ የኢኦሲኖፊሎችን ቁጥር ቢቀንስም በሳንባ ነቀርሳው ሕመም ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ሽማግሌዎቹን ከመሐል ማስነሣት እንደ ትል ማውጣት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። በብዙ ቦታ አክታው በአንድ ክፍል፣ ሰገራው በሌላ ክፍል ይነበባል፤ ሁለቱ ወረቀቶችም አይገናኙም። የሳል ሕመምተኛ አክታው ነፃ፣ ሰገራው ግን ትል ያለበት ሆኖ ሲገኝ፣ ሁለቱን ውጤቶች በአንድ ገጽ ጽፈን ለሐኪሙ እንስጠው፤ የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ባለበትም አክታው በዚያ እንዲታይ እናሳስብ።