ከአይጥ ሆድ የተገኘ ትምህርት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አይጥ በጠጥ እንደምናገር በሰሙ ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ ስቀውብኛል። ቢሆንም ሳላፍር እጀምራለሁ።

የፓርኪንሰን በሽታ ስሙን ያገኘው በ1817 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ በሽታው ድርሰት ካሳተመው ከለንደኑ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃ ያጥራል። ይህም የሚሆነው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት የአንጎል ሕዋሳት ስለሚሞቱ ነው። ያ ሐኪም ግን የሆድ ድርቀትንም አብሮ ጽፎ ነበር፤ ሰው አተኩሮ ያየው እጁንና እግሩን ሆነ እንጂ።

የሕያው ሰው አንጀት እንደ ልብ የሚመረመር ስላልሆነ፣ ሊቃውንት በሽታውን የሚመስል ሕመም በአይጥ ላይ ያመጣሉ። አንደኛው መንገድ ሮተኖን የተባለ መርዝ ነው። ይህ መርዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ዓሣ አጥማጆች ዓሣውን ለማደንዘዝ ወቅጠው ውሃ ላይ በሚበትኑት በብርብራ ፍሬ ውስጥ ይገኛል። በ2000 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሮተኖን ጥቂት በጥቂት የተሰጣቸው አይጦች እንደ በሽተኛ ሰው ተገትረው ታዩ። በኋላም ጨጓራቸው ምግቡን ወደ አንጀት ለማሳለፍ እንደሚዘገይ ታወቀ።

መለኪያው የሚያስቅ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወጣው በጠጥ ይቆጠራል፤ ወይም ትንሽ የመስታወት ዶቃ በኋላ በኩል ትገባና እስክትወጣ ድረስ ሰዓት ተይዞ ይጠበቃል።

በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት፣ የተበላሸ የሰው ጂን የገባባቸው አይጦች ገና በሦስት ወራቸው አንጀታቸው ዘገየ፤ የእንቅስቃሴያቸው ጉድለት ግን ቆይቶ መጣ። ሆድ ከእግር ቀደመ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሃይኮ ብራክም ቀደም ብሎ በ2003፣ በሽታው ምናልባት ከአንጀት ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይወጣ ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም፤ ክርክሩም አላለቀም።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ከዘገየ ክኒኑ እዚያው ይቆያል፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን ውጦ ሳለ እንደ ተገተረ ይቀራል።

አያቴ እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ሆዳቸው ይደርቅ ነበር፤ ተልባ እናጠጣቸውና እርጅና ነው እንል ነበር። ክኒኑን ከጀመሩም በኋላ አንዳንድ ቀን ሳይሠራላቸው ሲቀር፣ ተፍተውታል ብዬ የተቆጣኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸውም «ኧረ ውጬዋለሁ ልጄ» ይሉኝ ነበር።