ደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ ስንት ይባላል?
(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችም፤

የመዋጮውንና የድንኳኑን ጉዳይ ሊቀ መንበራችን ስለጨረሱልን፣ እኛ ደግሞ ብዙ ቤት ስለሚነካ አንድ ነገር ጥቂት እንድንናገር ተፈቅዶልናል።

በቅርቡ አንዲት የሠፈራችን ልጅ «ጋሼ፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» ብላ መጣች። ልጅቷ በአንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ናት፤ የሠርግ ካርድ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ባነር ታሰናዳለች። ስሟን አንጠራም፤ ነገሩን ግን እንድንናገረው ፈቅዳለች። ደመወዟ ሳይቆረጥ 12 ሺህ ብር ነው። አባቷ ከታመሙ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። «ስንት ይጨመርልኝ ብለን እንጻፍ?» አልናት። «ያው ደስ ያላቸውን» አለች።

ይህን መልስ እኛም እናውቀዋለን። ከብዙ ዓመት በፊት የመጋዘን ሠራተኛ ሳለን «ኑሮ ተወደደ» ብለን አለቃ ፊት ቆምን። «ለእኔም ተወዷል» አሉን። «ስንት ትፈልጋለህ?» ቢሉን ቁጥር አልነበረንም። 200 ብር ጨመሩልን፤ አመስግነን ወጣን፤ ሁለት ዓመት በዚያችው ቆየን። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ደመወዝ ግን በዝምታ ይነቅዛል።

ስለዚህ ከልጅቷ ጋር ሁለት ማታ ተቀምጠን በደብተር አሰላነው። እኛ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርንም፤ ሒሳቡ ግን ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም።

1ኛ/ የቤት ወጪ። ደመወዟ ከተወሰነ ወዲህ ኪራይ፣ ታክሲና የአባቷ መድኃኒት ብቻ በወር 3 ሺህ ብር ጨምረዋል። ይህ ለራሷ ማወቂያ ነው እንጂ ለአለቃ የሚቀርብ ምክንያት አይደለም።

2ኛ/ የሥራው መጠን። ነባሩ ዲዛይነር ከለቀቀ ወዲህ የእርሱንም ሥራ የምትሠራው እሷ ናት። ደንበኛ ታነጋግራለች፣ ሁለት ጀማሪዎች ታስተምራለች። ዓመቱን ሙሉ በእሷ ስሕተት የተመለሰ ሥራ የለም። ለአለቃ የሚነገረው ይሄ ነው። በነገራችን ላይ፣ ማታ ማታ የሚሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በሕግ የሚገባ ነው እንጂ እንደ ጭማሪ አይቆጠርም።

3ኛ/ የሙያው ዋጋ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የሚወሰነው በስምምነት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች የተጨመረውም የግል ድርጅትን አያስገድድም። እንግዲህ ያለው መንገድ መጠየቅ ነው። በሌሎች ማተሚያ ቤቶች የሚሠሩ ሦስት ዲዛይነሮችን ጠየቀች፤ ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ምን ምን እንደሚሠሩም ጭምር። ከ15 እስከ 20 ሺህ ብር ሆኖ ተገኘ።

4ኛ/ ግብርና ጡረታ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ «3 ሺህ ጎደለኝ፣ 3 ሺህ ልጠይቅ» ብላ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2 ሺህ ብር ግብር የለበትም፤ ከ10 ሺህ በላይ እስከ 14 ሺህ ያለው 30 በመቶ፣ ከ14 ሺህ በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚህ ላይ ሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ አለበት። ስለዚህ 3 ሺህ ቢጨመርላት እጇ የሚገባው 1,840 ብር ብቻ ነው። 3 ሺህ እጇ እንዲገባ 5 ሺህ መጨመር አለበት። አሁን በእጇ 8,910 ብር ትቀበላለች፤ ደመወዙ 17 ሺህ ሲሆን 11,910 ይሆናል። አሠሪውም ቢሆን በጡረታ 11 በመቶ ስለሚከፍል፣ የ5 ሺህ ጭማሪ ለእርሱ 5,550 መሆኑን ማወቅ ደግ ነው።

5ኛ/ ሁለት ቁጥር። አንዱ የሚጠየቀው፣ ሌላው በልብ የሚያዘው። 6 ሺህ ልትጠይቅ፣ ከ4 ሺህ በታች ከሆነ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ልትጀምር ተስማማን። «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» ብሎ መዋሸት ግን አይገባም፤ «እንግዲያው ሂጂ» ቢሏትስ?

6ኛ/ ጊዜው። ብዙ ድርጅት በጀቱን ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግንቦት ላይ መጠየቅ ይሻላል። ነሐሴ ላይ ማተሚያ ቤት በቀን መቁጠሪያ ሥራ ስለሚጣበብ ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጥም።

ታዲያ ምን ሆነ? ማመልከቻው አንድ ገጽ ነበር። ስለ አባቷ ሕመም አልጻፍንም፤ ስለ ሥራዋ ጻፍን። አለቃዋ መጀመሪያ ላይ 2 ሺህ አሉ። ልጅቷ፣ ያቺ ዓይነ አፋር፣ ደብተሯን አውጥታ የምትሠራውን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። በመጨረሻ 4 ሺህ አሁን፣ 1 ሺህ ከስድስት ወር በኋላ ተባለ፤ በደብዳቤም ተሰጣት። ወረቀቱን በዓይናችን አየነው። በቃል ቢቀር ኖሮ የኋለኛውን አንድ ሺህ ማን ያስታውሰው ነበር?

እጇ የሚገባው ለጊዜው 2,420 ብር ነው፤ የጎደለውን ሁሉ አልሞላም። ይሁን እንጂ አባቷ መድኃኒቱን ከእንግዲህ በዱቤ አይወስዱም።

የተከበራችሁ አባላት፤ ልጆቻችሁ ዲዛይነርም ይሁኑ ልብስ ሰፊ ወይም ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥር ሳይዙ አለቃ ፊት አይቁሙ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ ቤት እንገኛለን። ክፍያ የለውም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ መምጣት ብቻ ነው።



የዕድሩ ጸሐፊ